ቅባት የነካው ውሃ

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ በአቶ በዳዳ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ የቤቱ ጌታ በዳዳ፣ ሚስቱ ፊልሞና፣ ታናሽ ወንድሙ ሰቦቃ፣ እንዲሁም እንደ በዳዳ የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያረባው፣ የበዳዳ ወጣት ወዳጅ ጋሮማ። መብራት ሲጠፋ አራቱም በሕይወት ነበሩ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ቤቱ ሲበራ ሦስት ቀሩ።

ኢንስፔክተር አሳየች ገመዳ ሌሊቱን መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም በሌላ ጉዳይ ቆማ አድራ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር በሩ ላይ ደረሰች። ግቢው ውስጥ ግማሽ ጎኗ የታጠበ መኪና ቆማለች። ኮፈኗ ላይ ጥቁር ወፍራም ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ፀሐይ ያደረቀው ጠርዙ ነጭ መስመር አውጥቷል። አሳየች አየችው፤ አለፈችው።

ፊልሞና በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንዴት አድርገው?»

«መብራት ሲጠፋ ጓሮ ወርጄ ጄኔሬተሩን የማስነሣው እኔ ነኝ። የዓሣ ገንዳው ማሞቂያ አሮጌ ነው፤ ይነዝራል እያለ ሁሌ ይፈራ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ‹በዴ፣ እጅህን አውጣ› ብዬ እጣራለሁ። ዛሬ አልተጣራሁም። ዝም ብዬ አስነሣሁት። ስመለስ ክንዱ ውሃው ውስጥ ነበር።»

«ዛሬ ለምን አልተጣሩም?»

«ገንዳው ተሸፍኖ ነበራ። ከሐሙስ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው ብሎ ነበር።» ፊልሞና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «በገዛ እጄ።»

አሳየች ወደ ውስጥ ገባች። የዓሣ ገንዳው ምድር ቤት፣ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ከጉልበት በማይበልጥ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል። በዳዳ ተንበርክኮ፣ ደረቱን በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ደፍቶ ነበር የተገኘው። ሚስቱና ጋሮማ ጄኔሬተሩን አጥፍተው አውጥተው አጋድመውታል። የቀኝ እጅጌው ተጠቅልሏል። ከጆሮው በላይ ቆስሏል። የቤቱ ሰዎች ሲወድቅ መስተዋቱ መታው ብለው ነበር። መስተዋቱ ላይ ግን ደም የለም።

አሳየች በዝግታ ቁጢጥ አለች። የገንዳው መፈግፈጊያ ብሩሽ ድንጋይ ከሚመስሉት የባሕር ፍጥረቶች፣ ከኮራሎቹ መካከል ሰጥሟል። የመስተዋቱን ውስጥ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሸፍኖታል፤ የአረፋ ፍሬ የያዘ ክር ይመስላል። አንድም ቦታ የብሩሽ ፈለግ የለበትም። የውሃው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት፣ የቅባት ቀለም ይብለጨለጫል። ከዚያ ማዶ፣ ቡፌው ሥር፣ ወለሉ ትራስ በምታክል ቦታ ላይ ብቻ ከቀረው ይልቅ ጸድቷል።

ጋሮማን ጠራችው። መብራት ሲጠፋ ጓሮ ለገንዳው የሚሆን የጨው ውሃ ሲበጠብጥ ነበር።

«ይኼ ቡናማ ነገር ምንድን ነው?»

«አልጌ እንበለው፤ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ነገር ነው። የጋሽ በዳዳ የዓመት ጠላት።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «መጀመሪያ አረንጓዴው ፀጉር መጣባቸው። ዓሣውን ስላጠገቡት ነው፤ የተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ ማዳበሪያ ይሆናል። ሲነግሯቸው ደግሞ ጭራሽ አስራቡት። ውሃውን ስንለካው ከማዳበሪያው ባዶ። አረንጓዴው ሞተ፤ የተራበ ውሃ የሚወደው ይኼኛው ተተካ። ሲበዛም በሽታ፣ ሲጠፋም በሽታ ነው። ሚዛን ነው የሚፈልገው።»

«እና ይፈገፈጋል?»

«በጭራሽ። ከተፈገፈገ ይበተንና የባሰ ይዛመታል። ትንሽ ምግብ መመለስ፣ ከዚያ እስከ እሑድ በጨለማ መሸፈን ነው ብዬ መከርኳቸው። ሐሙስ አብረን ሸፈንነው።»

«ውሃው ላይ ቅባት አየሁ።»

ጋሮማ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይኼ አይሆንም። ጋሽ በዳዳ ሳሙና የነካ እጅ እንኳ አያስገቡም ነበር። ኮራሉን ይጎዳል ብለው እኔን ስንቴ እጄን አስለቅልቀውኛል።»

ሰቦቃ ሳሎን ጥግ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ እንቅልፍ ያጣውን ያውቀዋል፤ የእሱ የአንድ ሌሊት እንዳልሆነ ለአሳየች ገባት።

«የት ነበርክ?»

«ግቢ። መኪና ሳጥብ።»

«ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«መብራት እንደጠፋ ገብቼ ነበር። ብሩሹን አንሥቶ ሲንበረከክ ትቼው ወጣሁ። ቅዳሜ ገንዳውን ሲፈገፍግ ሰው አያናግርም፤ የእናቱ ልጅ ብሆንም።»

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«ከእናታችን ጋር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን። አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። ዛሬ ጎረቤት ላይ ጥያት ነው የመጣሁት።»

አሳየች ወደ ፊልሞና ተመለሰች፤ አጠገቧም ተቀመጠች።

«የባለቤትዎ እጅ ቅባት ነክቶት ነበር?»

ፊልሞና ቀና አለች። «ዛሬ ጠዋት ቫዝሊን የቀባሁት እኔ ነኝ። ጨዉና የጥር ንፋስ እጁን ሰነጣጥቀውት ነበር፤ ይደማል። እምቢ ይለኝ ነበር፤ ገንዳውን እበክላለሁ ብሎ። ዛሬ ግን ‹እስከ ነገ አልነካውም፤ ቅቢኝ› አለኝ። ጣት በጣት አድርጌ ቀባሁት።»

«መሸፈኛው ምን ዓይነት ነበር?»

«ጥቁር ጨርቅ። ብርሃን እንዳያሳልፍ ሁለት አንሶላ ደርቤ ራሴ ሰፋሁት። በነጭ ክር፤ ጥቁር አጥቼ።»

አሳየች ወደ ግቢ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ሦስቱንም ገንዳው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጨርቁ በክንዷ ላይ ነበር።

«ቁጭ በሉ። እኔም ቁጭ ልበል፤ ደክሞኛል» አለች። «በዳዳ ነዝሮት ሞተ ተባለ። እንዲነዝረው እጁ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ለምን ያስገባል? ሊፈገፍግ ነው እንዳትሉኝ፤ መስተዋቱ አልተነካም፣ መፈግፈግም ክልክል ነበር። ደግሞስ ቫዝሊን የተቀባ እጅ እዚህ ውሃ ውስጥ የሚሰድ ሰው አልነበረም። ቅባቱ ግን ውሃው ላይ አለ። እንግዲህ እጁን ያስገባው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ እምቢ ማለት ከማይችልበት ጊዜ በኋላ።»

አሳየች የሰጠመውን ብሩሽ በጣቷ አመለከተች።

«ያ ሰው ነዝሮት የሞተ እንዲመስል ብሩሽ አስያዘው። ቅዳሜ የፍግፈጋ ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ይኼኛው ቅዳሜ እንዳልሆነ ግን አያውቅም። ፊልሞናና ጋሮማ ያውቃሉ። አንተ ሰቦቃ ግን ብሩሹን ሲያነሣ አየሁት አልከኝ።»

«መስሎኝ ይሆናል» አለ ሰቦቃ።

«ይሁን። ቡፌው ጥግ ላይ ተመትቶ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ደም መጠረግ ነበረበት። ገንዳው ላይ ጨርቅ ነበር፤ አንተ አቧራ መከላከያ መሰለህ። ጠረግክበት፣ መኪና በምታጥብበት ባልዲ አጠብከው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኸው። የገንዳው ጨው ግን ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ወጣ።» ጨርቁን ፊልሞና ጉልበት ላይ አኖረችው። «ስፌቱን እይው፣ እህቴ።»

ፊልሞና ነጩን ክር በጣቷ ተከተለችው። «የኔ ነው» አለች።

ሰቦቃ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዕቃ እንዳወረደ ተሸካሚ ትከሻው ወደቀ።

«አንድ ወር ብቻ ነው ያልኩት» አለ። «አንድ ወር ውሰዳት፤ ልተኛ አልኩት። ደረጃ አትወጣም፤ ምድር ቤት ለአልጋ የሚሆነው ክፍል ይኼ ብቻ ነው። ‹ገንዳው ገና ሚዛኑን ሊይዝ ነው፤ አሁን ከተነቃነቀ ያልቃል› አለኝ። ለዓሣ ቁርስ በሚዛን ይለካል። እኔ እናታችንን ሌሊት ሦስቴ አገላብጣለሁ። ገፋሁት። ቡፌው መታው፤ ሳየው ትንፋሽ አልነበረውም። እንዲሞት ብዬ አልነበረም።»

«የመግፋቱን ነገር ዳኛው ይስማህ» አለች አሳየች። «ይቺ ሴት ግን ‹እኔ ገደልኩት› ስትል እየሰማህ ዝም አልክ። እሱን ለማን ትነግረዋለህ?»

ፊልሞና ጨርቁን አጣጥፋ አጠገቧ አስቀመጠችው። ከዚያ መዳፏን አየች፤ ቫዝሊኑ ገና አልለቀቀም።

«በእጄ አይደለም የሞተው» አለች።

«አይደለም፣ እህቴ። በእጅሽ የሆነው ሌላ ነው፤ የቀባሽው ቅባት እውነቱን አወጣው።»

ከአሳየች ጋር የመጡት ፖሊሶች ሰቦቃን ሲያስነሡት ወደ ፊልሞና ዞረ። «እናታችን ጋ ያለችው ጎረቤት እስከ ማታ ብቻ ነው የምትቆየው» አላት።

ሰቦቃ በዚያው ቀን ታሰረ፤ በኋላም ክስ ተመሠረተበት። በዳዳ እሑድ ተቀበረ። ጋሮማ ዓሣዎቹንና ኮራሎቹን በባልዲ ወደ ቤቱ አጋዘ። ፊልሞና ጎረቤቷን አንድ ሌሊት እንድታድር ለምና፣ ከቀብር በኋላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄዳ አማቷን እማማ ዳርቱን አመጣች፤ አልጋቸውም ገንዳው በነበረበት ክፍል ተዘረጋ።