በሳፋው ውስጥ ያለው ዘይት

ሟቹ አናኒ የእማማ ካይሳን መካኒክ ነበር። ካቴና የገባበት ፎሊ የእማማ ካይሳን ሾፌር ነው። አናኒን ተጭና የገደለችው መኪና ደግሞ እማማ ካይሳን ሊገዟት ያሰቧት ናት። ይህ ሁሉ ሆኖ ኢንስፔክተር ፒያባሎ ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ከጥበቃው ጀምሮ አንድ በአንድ ሲጠይቅ፣ እሳቸውን ግን «እማማ፣ እርስዎ እዚያ ጥላው ስር አረፍ ይበሉ፤ ፀሐዩ እንዳይጎዳዎት» ብሎ አለፋቸው።

ፀሐዩ! ዕድሜያቸውን ሙሉ በሎሜ ትልቁ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩትን ሴት ፀሐይ ዛሬ ገና ትዝ ብሏት ልትጎዳቸው! እማማ ካይሳን ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ይቆጥራሉ። ይህን ኮሌታው የተተኮሰ፣ ጭንቅላቱ ያልተተኮሰ ልጅ ገና ሲያዩት ቆጥረው ጨርሰውታል።

«ልጄ» አሉት፣ «አንተ ጡት ሳትጥል እኔ ሦስተኛ መኪናዬ አርጅታብኝ ሸጫታለሁ። ጥላውን ለራስህ ያዘው። እኔ የማየው ሬሳውን ነው።»

«እማማ፣ የሚታይ ነገር የለም። ጉዳዩ ግልጽ ነው።»

«ላንተ ግልጽ የሆነልህ ስላላየኸው ነው።»

መልስ ሳይጠብቁ ተነሡ። ግቢው ወደቡ አጠገብ ነው፤ አውሮፓ የጠገባቸው አሮጌ መኪኖች አሸዋ ላይ ተኮልኩለው ገዢ ይጠብቁበታል። ከቆርቆሮው ዳስ ስር ግራጫዋ ስቴሽን ዋገን አፍንጫዋን ደፍታለች። አናኒን ከስሯ አውጥተው በሸራ ሸፍነውታል። እማማ ካይሳን ሸራውን ገለጡና ፊቱን አልፈው እጁን ያዙ፤ ለፊቱ የሚያለቅሱበት ሌላ ቀን አላቸው። የቀኝ መዳፉ ቆዳ ተልጧል። ትኩስ ቃጠሎ ነው።

ከዚያ ዙሪያውን አዩ። የወደቀ ክሪክ። ራቅ ብሎ የተጋደመ መለዋወጫ ጎማ። ከሞተሩ ስር ዘይት የሞላበት ሳፋ። ከሳፋው አጠገብ የፎሊ የዘይት ጣሳ፤ ጎኑ የተጨረመተ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቀው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ ኢንስፔክተሩ ከኋላቸው። «አናኒ ዘይት ሊቀይር ስሯ ገብቷል። ፎሊ ከሱ ጋር በዘይት ጉዳይ ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ተጣልቷል፤ የሰማ ብዙ ነው። መጣ፣ ክሪኩን ለቀቀበት፣ ደንግጦ ጣሳውን ጥሎ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ወህኒ ቤት ይተላለፋል።»

«ፎሊን የት ያዝከው?»

«ጨርቅ ተራ፣ ሱቅዎ ፊት ለፊት።»

«ሰው እያየ።»

«ሕግ አይደበቅም፣ እማማ።»

«እኩለ ቀን ሩቅ ነው» አሉና ወደ ፖሊሱ መኪና ሄዱ።

ፎሊ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው ሲኮማተር ደግሞ ያስጠላል።

«ቀና በል! እዚህ ግቢ ዛሬ መጥተሃል?»

«እመቤቴ፣ በአባቴ አጥንት፣ እግሬም አልረገጠ። ጣሳዬ ትናንት እርስዎ ግቢ ውስጥ ክፍሌ በር ላይ ነበር።»

«ከአናኒ ተጣልታችሁ ነበር?»

«መቼ ተስማምተን እናውቃለን? እሱ ለመኪና ቀጭን ዘይት ይላል፤ እኔ የከባድ መኪና ሰው ነኝ፣ ወፍራም እላለሁ። እሱ የጭነት በሬ ይለኛል፣ እኔ ሰዓት ጠጋኝ እለዋለሁ። ማታ ግን ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው።»

«አውቃለሁ፤ ሳህኑ የኔ ነው። አሁን አፍንጫህን ጥረግ።»

የግቢው ባለቤት ቴቪ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሆዱን አስቀድሞ መጣ። ለገዢ ሁሉ «እናቴ ይሙት» እያለ ሲምል እናቱን ስንት ጊዜ እንደቀበራት አይታወቅም።

«እማማ ካይሳን፣ እኔ ምን አደረግኩ? መኪናዋን የእህትዎ ልጅ ላቴ ‹ለአክስቴ ልሞክራት› ብሎ ወስዶ ሲነዳት ከረመ። ትናንት መለሳት። ከዚያ ወዲህ ያስነሳት የለም።»

«ለምን?»

«አናኒ ልኮብኝ ነዋ! ‹ጠዋት ማልጄ እመጣለሁ፣ ሞተሯን ቀዝቃዛ ሆና ነው የማያት፤ ቀድመህ እንዳታሞቅብኝ› ብሎኛል።»

«አንተም ታዛዥ!»

ቴቪ ጆሮውን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት? አስቤ ነበር። የታመመ ሞተር ጠዋት ነው የሚያጨሰው፤ አንዴ ከሞቀ ጢሱን ይደብቃል። ግን እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ዛሬ እውነት ያናገረህ ስንፍናህ ነው። ቁልፏስ?»

«እንደ ሌሎቹ ሁሉ እላይዋ ላይ። መኪና ሲገፋ ሲዞር በሚውልበት ግቢ ማን ቁልፍ ይሰበስባል? ጥበቃውም ጎህ ሲቀድ መስጊድ ነው።»

እማማ ካይሳን ከአጥሩ ውጭ አካራ የሚሉትን የባቄላ ሊጥ በዘይት እየጠበሰች ወደምትሸጠው ዴዴ አንገታቸውን አሰገጉ። ኢንስፔክተሩ እሷንም አልጠየቀም፤ ቁርሱን ግን ከሷ ገዝቶ በልቷል።

«ዴዴ፣ ዛሬ ማለዳ ምን ሰማሽ?»

«አንዲት መኪና ወጣች፤ ቆይታ ተመልሳ ገባች። ገብታም ዝም አላለችም። ቆማ ስታጉረመርም አንዱን መጥበሻ አካራ አውጥቼ ሌላ ጨመርኩ። ከዚያ ጠፋች። ወዲያው አናኒ መጣ፣ ‹እንዴት አደርሽ› ብሎኝ ገባ።»

«ነጂውን አየሽው?»

«አጥሩን በዓይኔ ልብሳው እንዴ?»

«የቴቪ ሰዎች እንዲህ ቆመው ያጉረመርማሉ?»

ዴዴ ሳቀች። «እነሱ? መኪናዋ ሳትቆም ነው የሚያንቋት!»

ላቴ ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። የሟች እህታቸው ልጅ ነው፤ ቤልጂየም ጥቂት ዓመት ኖሮ ሲመለስ ያመጣው ሁለት ነገር ነበር፤ ወሬና እንደ ዕንቁላል የሚጠብቀው ነጭ ጫማ። ዛሬ ግን በላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው የመጣው። በመጪው እሑድ እማማ ካይሳን ከወገባቸው የማይለየውን የሱቁን ቁልፍ ሊያስረክቡት ነበር። በአንድ ውል፦ መርጦ ያመጣላቸውን መኪና አናኒ አይቶ «ጤነኛ ናት» ካለ።

«አክስቴ፣ ነፍሱን ይማር። መኪናዋ ላይ ግን ጥፋት የለም» አለ። «ሁለት ሺህ ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ የቤንዚን ቱርቦ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት! ኋላዋ የጨርቅ ጥቅሉን ሁሉ ይውጣል። ስትነሣማ ነፋስ ናት።»

«እኔ የምጭነው ጨርቅ ነው፤ ነፋስ ምን ያደርግልኛል? ሞተሯ ይታመናል ወይ?»

«ቱርቦ አያያዙን ለሚያውቅ ይታመናል። ምስጢሩ አንድ ነው፤ ነድተው እንደቆሙ አያጠፉም። ግላ ስለምትመጣ ቆማ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ይጠበቃል። ወዲያው ያጠፏት እንደሆነ ዘይቱ ውስጧ ያርራል። እዚህ ግቢ ይህን የሚያውቅ ከኔ በቀር የለም።»

«ዘይቷንስ ታያለህ?»

ላቴ ጣቶቹን አየ። «አክስቴ ደግሞ! እሱ የመካኒክ ሥራ ነው። እኔ ኮፈን አልከፍትም።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርክ?»

«እርስዎ ግቢ፣ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ።»

እማማ ካይሳን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለጥቂት ጊዜ አሮጊት መሰሉ። ከዚያ ገለጡት።

«ፒያባሎ! ሾፌሬን አምጣልኝ። ቴቪ፣ ላቴ፣ ወደዚህ ቅረቡ። ዴዴ፣ እሳትሽን ለጎረቤት ሰጥተሽ ነይ።»

«እማማ፣ ይህ የፖሊስ ሥራ…»

«ነበር። ስላልሠራኸው ወደ እኔ መጣ።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ሰዉን አየ። ሰዉ ደግሞ አሮጊቷን ነበር የሚያየው። ፎሊን አስወረደው። ሁሉም መኪናዋን ከበው ቆሙ። እማማ ካይሳን በምርኩዛቸው አሸዋውን ነኩ።

«እዚህ ከመኪናዋ ስር ይህን ክብ እዩት። የጎማ ማኅተም ነው። ከክቡ እስከተጋደመው ጎማ ድረስ ደግሞ አሸዋው ታርሷል። አናኒ ክሪክ አያምንም ነበር፤ ስር ሲገባ ጎማ ሳይደግፍ ገብቶ አያውቅም። ዛሬም ደግፏል። እሱ ስር ሳለ ያንን ጎማ ስቦ ያወጣ ሰው አለ።»

«እኔስ ፎሊ ነው አላልኩም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ብለሃል። ጣትህን ሳፋው ውስጥ ንከር።»

«ምን?»

«ንከር! ዘይት ነው፣ አይነክስህም።»

ፒያባሎ ነከረ። ከጣቱ ላይ የተንጠባጠበው ማር ይመስል ነበር፤ ወፍራም፣ ወርቃማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ፎሊ ከነካቴናው አንገቱን አስረዘመ፣ አፉም ተከፈተ። ቴቪ አፏጨ።

«ቴቪ፣ ምን አስፏጨህ?»

«ይሄ ሞተር ቤት ገብቶ አያውቅማ! ሞተር ውስጥ የሰነበተ ዘይት እንደ ከሰል ጠቁሮ ነው የሚወጣው።»

«የዘይት መለኪያዋን ምዘዝ።»

ቴቪ ኮፈኑን ከፍቶ መለኪያውን መዘዘ። እስከ ምልክቱ ድረስ ዘይት አለ፤ ያውም ጥቁር።

«እንግዲህ ሞተሯ ሙሉ ናት» አሉ እማማ ካይሳን። «ጠብታም አልወጣት። ዛሬ እዚህ ዘይት የቀየረ የለም። አንድ ሰው ከፎሊ ጣሳ ሳፋው ውስጥ ቀድቶ ‹ዘይት ሲቀይር ሞተ› እንድንል ተመኘ። ይህ ሰው ፎሊ ነው? ፎሊ ዕድሜውን ሙሉ ጥቁር ዘይት ላዩ ላይ ሲፈስበት የኖረ ነው። ቴቪ ነው? ከዳሱ ጀርባ አንድ በርሜል ጥቁር ዘይት አለው፤ ማታለል ቢያምረው ከዚያ ይቀዳ ነበር። ቴቪ ሌባ ነው፣ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሌባ።»

«አመሰግናለሁ፣ እማማ» አለ ቴቪ፣ የተመሰገነ መስሎት።

«ጣሳው የነበረው እኔ ግቢ ነው። ቴቪ የግቢዬን በር አልፎ አያውቅም። እኔ ግቢ የሚያድሩ ወንዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ዘይት ያውቃል። ሌላው ኮፈን አይከፍትም።»

ላቴ ሳቀ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም። «አክስቴ፣ በጣሳ ሰው ይፈረዳል?»

«የአናኒ መዳፍ ተቃጥሏል። ቀዝቃዛ ናት የተባለችውን ሞተር ነካ፤ ነደደችበት። ከሱ በፊት የነዳት አለ፤ ዴዴ ስትወጣና ስትገባ ሰምታለች። ነጂው ግን ገብቶም ወዲያው አላጠፋም። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቃት። እዚህ ግቢ ይህን የሚያውቅ ማነው አልክ፣ ላቴ?»

ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ጮኸ።

«እኔ ልንገርህ። መኪናዋ ከባሕር ስትወርድ ጤነኛ ነበረች። አንተ ኮረዳ ጭነህ ስትከንፍባት ከረምክ። ቱርቦ እንደ ባለጌ ምራት ናት፤ ካጎረስካት ትሸከምሃለች፣ ካስራብካት ቤትህን ታቃጥላለች። ትንፋሿን ጠበቅክላት፣ ምግቧን ግን አንድ ቀን ዝቅ ብለህ አላየህም። ዘይቷ አልቆ ደረቀች፣ ማጨስ ጀመረች። ዛሬ ማለዳ የማትከፍተውን ኮፈን ከፍተህ የፎሊን ወፍራም ዘይት ጨመርክባት፣ ጢሷን እንድትደብቅ ነድተህ አሞቅካት። አናኒ ግን ደረሰብህ። ስሯ ገብቶ የሚያፈሰውን ቱርቦ አየ። ‹ለእማማ እነግራቸዋለሁ› አለህ። እሑድ የሚመጣው ቁልፍ ታየህ፣ ጎማውን ሳብክ፣ ክሪኩን ለቀቅክበት።»

«ማስረጃ የለም!» አለ ላቴ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ። «አሮጊት ናት፣ ፊደል እንኳ አታውቅም!»

እማማ ካይሳን ምርኩዛቸውን ወደ እግሩ ቀሰሩ። «ነጭ ጫማህ የት አለ?»

ላቴ ወደ ነጠላ ጫማው አየ። ከዚያ ቀና ማለት አቃተው።

«ስትቀዳ ፈሶብሃል። የፎሊ ዘይት ደግሞ በሳሙና አይለቅም፤ ልብሱን የማሳጥበው እኔ ነኝ። ፒያባሎ፣ ሰው ላክ፤ ከአልጋው ስር ታገኙታላችሁ። እንደሱ ያለ ሰው ጫማ አይጥልም፤ ሰው ነው የሚጥል።»

«አክስቴ…» ላቴ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ለምኜው ነበር። እስከ እሑድ ብቻ ዝም በል አልኩት። እምቢ አለኝ። የእናቴን ነፍስ ያስቡ፣ አክስቴ!»

«እናትህን ዛሬ አታንሣት። በቴቪ እናት ማል፤ እሷ ለምዳዋለች።»

እማማ ካይሳን ሸራውን መልሰው የአናኒን እጅ ሸፈኑ። ለመነሣት ዘገዩ፤ ማንም ሊያግዛቸው አልደፈረም። ሲነሡ ኢንስፔክተሩ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ፣ ወደ ፎሊ ካቴና ሲጠጋ አዩት።

«ተው» አሉት።

«እማማ፣ ልፈታው እኮ ነው።»

«እዚህ አይደለም። ጨርቅ ተራ፣ ሱቄ ፊት ለፊት፣ ሴቱ ሁሉ ቆሞ እያየ ነው ያሰርከው። እኩለ ቀን አልሆነም፤ ገበያው ሙሉ ነው። እዚያው ውሰደው፣ በመሃል አቁመው፣ በገዛ እጅህ ፍታው። ከዚያ ለምን እንደፈታኸው ጮክ ብለህ ተናገር፤ የመጨረሻዋ ሻጭ ድረስ እንዲሰማ።»