ከበረቱ የተነሳው መሰላል

ሽማግሌው ከቤታቸው ጀርባ ካለው ገደል ሥር ሞተው ተገኙ። ታላቅ ልጃቸው፣ ፊደል ቆጠርኩ ብሎ ደረቱን የሚነፋው፣ መርማሪ ከታች ካለው ከተማ አስጠርቶ፣ «ታናሼ ነው የገፋቸው» አለ።

ታናሹ አንገቱ ላይ ትልቅ እንቅርት አለበት። የፊጥኝ ታስሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ጥፋቱ ከጸናበት የሚጠብቀው ስቅላት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማዕድ ሲቀርብ መጨረሻ፣ ጥፋት ሲገኝ መጀመሪያ ይታወሳል።

ትናንት ረፋድ ላይ ያባራው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ የሟቹን ባዶ እግር አየ፤ ደረቅና ንጹሕ ነው። ከጢማቸውም አንድ የድርቆሽ ሰበዝ መዘዘ።

«ትናንት እንግዳ ነበራችሁ?» ሲል ምራታቸውን ጠየቃት።

«ኧረ እዚህ ተራራ ላይ ከጭልፊት በቀር ማን ይወጣል ጌታዬ!»

«ግድግዳው ኖራ የተቀባው ለጭልፊቱ ነዋ?»

ሻሿን አስተካከለች። «ልጃችንን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው ነበር... ወዲያው ተመለሱ።»

«ሽማግሌውስ አብረው ተቀመጡ?»

«እሳቸውን... አሟቸው ነበር።»

መርማሪው ወደ በረቱ ገባ። ከድርቆሹ ቆጥ ሥር፣ ዘወትር መሰላል የሚቆምበት ወለል ላይ የእግሮቹ ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ። መሰላሉ የለም።

«ጓሮ ነው» አለ ታላቁ ቶሎ ብሎ። «ጣሪያ ልናድስ።»

«ጣሪያችሁ እኮ አዲስ ነው ወንድሜ።»

መሰላሉን አስመጥቶ ወደ ቆጡ ወጣ። ድርቆሹ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የተኛበት ስርጉድ አለ፤ አጠገቡም ሁለት ባዶ ጣሳ።

ከዚያ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«አባታችሁ ወደ ገደሉ በእግራቸው አልሄዱም፤ ቢሄዱ ይጨቀዩ ነበር። ተሸክማችሁ ጣላችኋቸው። የሞቱት ከቆጡ ወድቀው ነው። መሰላሉ ሲነሳ ቆጡ ላይ ሁለት ሰው ነበር፤ እንግዳ እንዳያያቸው የተደበቁ። እውነቱ ቢወጣ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለስቅላቱ ገመድ ወንድምህን አቀረብክ። ለእንግዶቹ ስለ አባትህ ምን ነበር ያልካቸው?»

ታላቁ አቀረቀረ። «ድሮ ሞተዋል አልኳቸው። ምን ላድርግ? ሽንታቸውን አይቆጣጠሩም። ወንድሜ ደግሞ ያው እንደምታየው ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ከዚህ ቤት ማን ልጅ ያገባል?»

«መሰላሉን እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች ሚስቱ። «እንዳይወርዱ ብዬ ነው። እንግዶቹን እንደሸኘን ልመልሰው ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አያቴ ሲወድቁ ሰምቻለሁ። እንግዶቹ ምንድነው ሲሉኝ፣ ጥጃው ነው አልኳቸው።»

ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አዲሱ ኖራ ብቻ ያበራል።

መርማሪው የታናሹን ገመድ ፈታለት። «ምን ሆኑ አባትህ?»

«ሽንታቸው መጣ። መሰላሉን በእግራቸው ዳበሱ፤ የለም። በእጄ ያዝኳቸው... ከበዱኝ።»

«ታዲያ ቤቱ ሙሉ ሰው አልነበረም? ለምን አልጮህክም?»

ታናሹ ጥፋተኛው እሱ የሆነ ይመስል ወንድሙን በፍርሃት ሰረቅ አድርጎ አየው።

«እንግዳ ነበራ» አለ።