ዳማ እና ባዶው ሻንጣ

ይኼ የሆነ ነገር ነው። ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው... እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። የሻንጣ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነን። እኔ፣ አለቃዬና ዳማ።

ዳማ አደንዛዥ ዕፅ የምታነፈንፍ የፖሊስ ውሻ ናት። አብረን ነው የምንሠራው። ዕፅ ካገኘች አትጮኽም፣ አትቧጭርም። ቁጭ ትላለች፣ በቃ።

ያን ቀን ባለቤት የሌለው ጥቁር ሻንጣ ፊት ቁጭ አለች።

ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ከፈትነው። ባዶ።

ገበሩን በምላጭ ቀደድነው... ባዶ።

"አፍንጫዋ ሞቷል" አለ አለቃዬ። "ባለፈውም እንዲሁ አድርጋናለች። ተሳስታለች በልና ነገ ሐኪሙ መርፌ ወግቶ እስከ ወዲያኛው ያሳርፋት።"

ደሜ ፈላ።

"አልልም።"

"ምን አልክ?"

"አልልም ጌታዬ። ውሻ ናት እንጂ ውሸታም አይደለችም።"

ገመዷን ነጥቆኝ ጎተታት። ዳማ ወይ ፍንክች... ፀጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ሻንጣው ላይ ነው።

እኔም ዞሬ አየሁት።

የቀደድነው ገበር ተሰፍቷል።

"አንተ ነህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"በምን መርፌ?"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ነገ ዳማን፣ ልጄን፣ የሚገድልብኝ ሰው ነው።

"ባዶ ነው ካሉ እጅዎን ይክተቱ" አልኩት።

በእኔ ፊት መፍራት አልፈለገም መሰለኝ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ስፌቱን በጣቱ ፈልቅቆ እጁን ከተተ።

ሻንጣው ስንዝር እንኳን ጥልቀት የለውም።

እጁ እስከ ክርኑ ገባ...

ከዚያ እስከ ትከሻው።

ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። ምንም የለም።

ቀና ስል ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጎትተኝ..."

"መጀመሪያ ዳማ አልተሳሳተችም ይበሉ።"

"አብደሃል እንዴ... ይዞኛል እኮ።"

"ይበሉ።"

"አልተሳሳተችም... ማንም አይነካትም... በናትህ ጎትተኝ።"

እኔም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም ቃሉን ሰምቻለሁና ወገቡን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት።

እጁ ወጣ።

ደም የለም። ግን ከአንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው በጥቁር ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

ክሩ አላለቀም... ጫፉ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሳባል።