የካርድ ክፍሉ መስኮት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሐረር ተመድቤ የመጣሁ ነኝ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ወይ አይጥ ነው ወይ ቧንቧ ነው፣ ሦስተኛ አላውቅም ነበር፣ እመኑኝ። አሁንም የማወራላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ስለደከመኝ ነው።

ፈላና በር አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ወረቀቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባ ታዘዝኩ። ሲስተሙን የመረጡት ሌላ ከተማ፣ ሆቴል አዳራሽ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፣ ካርድ ክፍሉን የጠየቀ የለም። ካርድ ክፍሉ ማለት ደግሞ አው ዩስፍ ማለት ነበር፣ ሐረር ሽማግሌን «አው» ብሎ ነው የሚያከብረው። እሳቸው ካርድ የሚፈልጉት በቁጥር ሳይሆን በሰፈርና በቤተሰብ ነው፣ ካገኙት በኋላ በብር ቀለበታቸው የመስኮቱን እንጨት ሁለቴ ኳ፣ ኳ አድርገው ባለቤቱን ይጠራሉ። በሥልጠናው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሁለት አሚናን ይለያል?»

«ከእርስዎ በላይ ይለያል» አልኳቸው፣ ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞቱ፣ አላህ ይርሐማቸው። ለቅሷቸው ላይ ተቀምጬ እንኳ ሐሳቤ ገና ያልገቡት ካርዶች ላይ ነበር፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ሲስተሙ «ስሙ ተደግሟል» እያለ ያስቸግረኝ ጀመር። የዚህን አገር ስም ታውቁታላችሁ፣ አህመድ መሐመድ፣ አሚና አብዱላሂ፣ በየደጃፉ አሉ። ዓይኔ ቀልቶ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ስምና ዕድሜው የገጠመውን ሁሉ አንድ ሰው ነው እያልኩ ፋይሉን አዋሃድኩት፣ የአንዱ መረጃ ይቀራል፣ የሌላው ይጠፋል። ሪፖርቴ ተመሰገነ። ካርዶቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አንድ ዓርብ ሠራተኛው ለጁምዓ ሶላት ወጥቶ እኔና ነርሷ ሲስተር ሂሩት ብቻ ቀረን። ከሶፊ ገጠር በባጃጅ የመጣች ሴት ሳንባዋን ታማ መናገር አቅቷት ተኝታለች፣ አሚና አብዱላሂ መባሏን ያወቅነውም ከመታወቂያዋ ነው።

«ፔኒሲሊን ልወጋት ነው፣ የማይስማማት መድኃኒት አለ? ፋይሏን እየው እስቲ» አለችኝ ሂሩት።

አየሁ። «ምንም የለባትም፣ ቀጥይ» አልኳት።

ያን ጊዜ ሰማሁት። ኳ፣ ኳ።

ቧንቧ ነው አልኩ። ደግሞ መጣ፣ ብረት እንጨት ሲመታ ነው፣ ከተቆለፈው ክፍል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መነሳት አልፈለግኩም፣ ከፍርሃት ሳይሆን ከድካም። በሦስተኛው ግን እግሬ በራሱ ተነሳ። ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩ። ከረጢቶቹ እንዳሰርኳቸው ናቸው፣ ወለሉ አቧራ ለብሷል፣ ኮቴ የለበትም። መስኮቱ ላይ አንድ ካርድ ተቀምጧል። አሚና አብዱላሂ፣ ሶፊ። ከሥሩ በአው ዩስፍ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ ቀለም፣ «ፔኒሲሊን ሊገድላት ነበር። ከፈላና በሯ አሚና ጋር እንዳትደባለቅ» ይላል።

«ሂሩት! ተይ! እንዳትወጊያት!» ስደርስ መርፌው ተሞልቶ እጇ ላይ ነበር።

ሴትየዋ በሌላ መድኃኒት ዳነች። ሂሩት «ካርዱን ማን አወጣው?» ስትለኝ «እኔ» አልኳት፣ ምን ልበላት?

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሰኞ በጠዋት ያዋሃድኩትን ከካርዱ ጋር እያስተያየሁ ልለያይ ስገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ዓርብ በጥድፊያ ሳልቆልፈው ነው የወጣሁት፣ ከረጢቶቹ ቅዳሜ ተጭነው ሄደው ተቃጥለዋል፣ እንዲወገዱ ቀደም ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ከድካም ብዛት ረስቼው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፣ እኔ የምለቅመውም አልቀረኝም።

አሁንም ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ሶላት ሲሄድ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። እከፍታለሁ፣ መስኮቱ ላይ ምንም የለም። ሮጬ ሂሩት ጋ እሄድና «ቆይ፣ አትውጊ!» እላታለሁ።

«ማንን?» ትለኛለች።

አላውቅም።