ስልሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር

ምስጥ የተቃጠለ ድራይቨር፣ የመብራት ኃይል መመገቢያ፣ በካርቶን ይዛ ሀዲያ ሱቅ ገባች።

ሰቆጣ ላይ የገበያ ቀን ነው። ወንዳወቅ ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። የአሠሪዋ የዶክተር ጓንጉል ጠባቂ ነው። መከተሉ እንዳይታወቅበት ብሎ የሴት ጫማ ተራ ላይ ዋጋ ይጠይቃል። በር የሚያክል ሰው በአንድ እጁ ቀይ ሸበጥ ይዟል።

ናቀችው። ግን በጃኬቱ ሥር ያበጠውን ነገር አይታለች። ሞኝ የሚያስቀው መሣሪያ እስኪይዝ ድረስ ነው።

ሀዲያ አምፖል፣ ገመድና ሶኬት ትሸጣለች። አምሳውን ያለፈች፣ ንግድ ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ የምስጥን ሪፖርት ወደ አዲስ አበባ ታሻግራለች።

«ይቺም ተመለሰች?» አለች ካርቶኑን እያየች።

«ዋቱን አልቻለችም፣ እትዬ ሀዲያ።»

«ዋትማ ሁሉም ካርቶኑ ላይ ይጽፋል።»

መለያ ቃሉ ይህ ነበር። መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው። ምስጥ ካርቶኑን አስረከበች። ሀዲያ ወደ ባንኮው ሥር ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

ወንዳወቅ በሩ ላይ ነበር።

«ክፈቺው» አለ።

ሀዲያ ሳትቸኩል ከፈተችው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ወንዳወቅ ድራይቨሩን ገለበጠ፣ ካርቶኑን አራገፈ፣ አሸተተም። ምን እንደሚፈልግ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ሪፖርት ግን ሀዲያ እጅጌ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ድራይቨር ሰጥታ ሸኘቻቸው።

ነገሩ የጀመረው በገብስ ነው።

ፃግብጂ ውስጥ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የሚባሉ አራሽ አሉ። እናታቸው ያወረሷቸው ገብስ ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ በሁለት ወር ይደርሳል። አንድ ክረምት ተመራማሪ ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ሁለት እፍኝ ወሰዱ። አሻሽለን እንመልሳለን አሉ። ቀጥሎ ችግር መጣ፤ ቤተሰቡ የቀረውን ዘር በላ። ወይዘሮዋ የሰጡትን ሲጠይቁ ናሙናው ነቅዟል ተባሉ።

አልነቀዘም። ተሽጧል። ዘሩ የደረሰው ጓንጉል ዘንድ ነው።

ጓንጉል የዶክትሬቱን ወረቀት በሦስት ክፈፍ ሰቅሏል። የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ግን ከራሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰቆጣ ዳር ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ተከራይቶ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈነ። በሩ ላይ «የአትክልት ችግኝ ማባዣ» የሚል ጻፈ። ውስጡ ገብስ ነው። ሁለቷን እፍኝ በኤልኢዲ መብራት እያባዛ፣ በስሙ አስመዝግቦ ሊነግድባት ለተዘጋጀ የውጭ ገዢ ሊያስረክብ ነበር። ሰላይዋ ምስጥ ከአዲስ አበባ የተላከችው ገዢውን ለመለየት፣ ዘሩን ለማስመለስ፣ ናሙናውን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ የሸጠውን ሰው ለማወቅ ነው። ዘመናይ በሚል ስም፣ በመብራት ባለሙያነት ገባች።

መግባቱ ቀላል ነበር። የጓንጉል ገብስ እየወደቀበት ነበር።

መጀመሪያ ቀን ሲያስጎበኛት ክፍሉ በሙሉ ሐምራዊ ነበር። ተክል የሚበላው ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው ብሎ ያንኑ የሚያወጡ አሥራ ሁለት መብራቶች ገዝቷል። ገብሱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ተመዝዞ ተኝቷል። በዚያ ብርሃን ቅጠል ይታመም ይዳን መለየት አይቻልም። ጓንጉል ግን እንግዳ ሁሉ እንደሚደነቅበት ነገራት።

አንዱን መብራት አውርዳ መለኪያ ላይ ሰካችው። ካርቶኑ አንድ ሺህ ዋት ይላል። የሚስበው መቶ አሥር ነበር።

«ሺህ ይላል እኮ» አለ ጓንጉል።

«ካርቶኑ ነው የሚለው፣ ዶክተር።»

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችው። የሚጠየቀው ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ስንት ነው የሚለው ነው። እሱም መደርደሪያው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በመለኪያ ይታያል። የሚሻለው ቀይ የተጨመረበት ነጭ ብርሃን ነው፤ ገብሱም ይጠነክራል፣ ሰውም በሽታውን ያያል። መብራቱ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ወፍራም አሉሚኒየም ሊኖረው ይገባል። መብራቱን የሚመግበው ድራይቨር ደግሞ የሰቆጣን ኃይል መውጣትና መውረድ የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ጄኔሬተሩ በተነሣ ቁጥር ይቃጠላል። ጓንጉል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ስትጨርስ የትኛው ትልቅ ዋት እንዳለው ጠየቃት።

ረዣዥም ነጭ መብራቶች አስመጣች። በስልክ የሚታዘዙ፣ ብርሃናቸው የሚቀንስና የሚጨምር ነበሩ። በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት አበራቻቸው። በአርባ ቀን ገብሱ ዛላ አወጣ። በሳምንቱ ጓንጉል ለወረዳ እንግዶች መብራቱን እንዴት እንደመረጠ ሲያስረዳ ሰማችው። ቃላቱ የእሷ ነበሩ፤ ግማሹን አጣሞታል።

እሷም በመጋዘኑ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች። በዚያ ብርሃን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ዓይኑን መጠበቅ አለበት። ጠባቂዎቹ «የከተማ ወይዘሮ» እያሉ ይስቁባታል።

ሰኞ ጠዋት ጓንጉል ስልኩን ይዞ ገባ። ወደ መብራቶቹ አንጋጦ በጣቱ አየር ለካ።

«አርባ አምስት ላይ ነው የሰቀልሽው» አለ። «ስልሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር መሆን አልነበረበትም?»

ስልሳ ሦስት።

መለኪያዋን ከመደርደሪያው ላይ አነሣች።

«ስልሳ ሦስት ለችግኝ ነው፣ ዶክተር። ዛላ ሲያወጣ ዝቅ ይላል።»

ድሮም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ምስጥ ባዶ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሪፖርት ስትጽፍ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አሳስታ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም፤ ያለፈ ጉዳት ያስተማራት ልማድ ነው። በመጨረሻው ሪፖርት ያሳሳተችው የመብራቱን ከፍታ ነበር። መብራቶቹ መቼም ስልሳ ሦስት ላይ ተሰቅለው አያውቁም። ቁጥሩ የተጻፈው አንድ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የተላከው ለአንድ ሰው ነው።

መንግሥቴ። የምስጢር ስሙ «ጥላ»። የመለመላት፣ ያሠለጠናት፣ ሰባት ዓመት የመራት አለቃዋ።

አሁን ሁሉም ገባት። አዝመራው እስኪደርስ እንዳትነኪው እያለ የጻፈላት ለዚህ ነበር። ናሙናውን የሸጠው እሱ ነው። ሽርካው መብራት መምረጥ ሲያቅተው መንግሥቴ መብራት የምታውቅ ሰላይ ላከለት። ሦስት ወር የሌባ ገበሬ ሆና አገልግላለች።

በጣም የናቀችው ራሷን ነበር። ያ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም።

እያንዳንዱ ሰላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደወልበት፣ አለቃውን አልፎ የሚሄድ ቁጥር አለው። በዚያው ከሰዓት ከሀዲያ ጓዳ ደወለች። የሴት ድምፅ አነሣ። ምስጥ የቁጥሩን ነገር፣ የመንግሥቴን ስም፣ ገዢው ሐሙስ እንደሚመጣ ተናገረች።

«ኬላ ላይ ዘሩን እንያዝ?» አለች ሴትዮዋ።

«አይያዝ። ገዢውን የሚሄድበት ድረስ ተከተሉት። ይዞት የሚሄደው ዘር ሬሳ ነው።»

ባዶ የድራይቨር ካርቶን ውስጥ ሃያ የበሰሉ ዛላዎች አስገብታ ነበር የመጣችው። ባንኮው ላይ አኖረችው። ለወይዘሮ ወለተ ሰንበት እንዲደርስ ለመነች። አደጋውንም ሳትሸሽግ ተናገረች፤ መንግሥቴ ይህን ሱቅ ያውቀዋል።

ሀዲያ ካርቶኑን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«በሰው አልክም። ሐሙስ ዕቃ ይዤ ፃግብጂ እወርዳለሁ፤ እኔው አደርሳለሁ።»

«ይቅርብኝ ካሉ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።»

«ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የአባቴ ደንበኛ ነበሩ» አለች ሀዲያ። ካርቶኑን ወደ ባንኮው ሥር ገፋችው።

ማክሰኞ ገብሱ ታጨደና ተወቃ። እርጥብ ነበር። ጓንጉል ሐሙስ ሳይደርስ መድረቅ አለበት ብሎ ተጨነቀ። ምስጥ ሐሳብ አቀረበች። ማዕዘን ላይ ያለውን የብረት ቁም ሣጥን ጠቁማ፣ የድሮዎቹን ሐምራዊ መብራቶች ውስጡ ሰቅለን ብናደርቀውስ አለችው።

መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም። ጓንጉል ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ዘርን እንዴት እንደሚያጸና አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማራት። የሚወዳቸው መብራቶች ወደ ሥራ በመመለሳቸው ፊቱ በርቶ ነበር።

ለብርሃን የማይረቡ መብራቶች ለሙቀት ግሩም ናቸው። የተዘጋ ብረት ውስጥ አሥራ ሁለቱ ሲበሩ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ቴርሞሜትሩ ሰባ አራት ዲግሪ አሳየ። ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ አቆየችው። ሲወጣ ገብሱ ወርቅ መስሏል። የእያንዳንዱ ፍሬ ሽል ግን በውስጡ በስሏል። ለቆሎ ይሆናል። ለዘር አይሆንም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ መኪና መጋዘኑ ፊት ቆመ። ገዢው አዲስ የተራራ ጫማ ያደረገ ነጭ ሰው ነበር። ከኋላው መንግሥቴ ወረደ።

ምስጥ መጋዘኑ መካከል ቆማ ጠበቀች። ስልኳ በኪሷ፣ መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር።

ገዢው ፍሬዎቹን በማጉያ መስተዋት አየ። አንዱን ለሁለት ሰነጠቀ። በእንግሊዝኛ እጅግ ንጹሕ ነው አለ። ጓንጉል አንገቱን ሰበቀ። ገዢው ከረጢቱን ራሱ አቅፎ ወደ መኪናው ወጣ።

ያን ጊዜ መንግሥቴ ፈገግ አለ።

«ጥሩ ሠራሽ፣ ምስጥ።»

ጓንጉል በሚሰማበት ቦታ ነበር በእውነተኛ ስሟ የጠራት። ከዚህ በኋላ ዘመናይ የሚለውን ስም የምትፈልግበት ቀን የለም ማለት ነው።

«ከእኛ ጋር ትመለሻለሽ» አለ። «በአበርገሌ በኩል ነው የምንወርደው።»

አዲስ አበባ በአበርገሌ አይኬድም። በአበርገሌ የሚደረሰው ሰው የማይገኝበት የተከዜ ገደል ነው።

«ስንት ሸጥከኝ?» አለችው።

«አንቺን ማን ይገዛል? የተሸጠው ገብስ ነው።» እጁ ወደ ጃኬቱ ሄደ። «አንቺ መብራት ሰቃይ ነሽ።»

ወንዳወቅ በሩን ከኋላው ዘጋ።

ምስጥ ኪሷ ውስጥ ስልኳን አንድ ጊዜ ተጫነች።

መጋዘኑ ጨለመ።

ከዚያ ሁሉ ብርሃን ወደ ጨለማ የወደቀ ዓይን ለትንሽ ጊዜ ዕውር ነው። የእሷ ዓይን ግን በጥቁሩ መነጽር ሥር ጨለማውን ለምዶት ቆይቷል። መነጽሩን ጣለች። በአየር ማስወጫው ፍርግርግ የሚገባው ቀጭን የቀን ብርሃን በቃት። ጓንጉል መደርደሪያ ላይ ሲወድቅ ሰማች። መንግሥቴ ተኮሰ። ጥይቱ ከራሷ በላይ መብራት ሰበረ።

ፍርግርጉን ማለዳ ፈታትታው ነበር። በእሱ ሾልካ ጎረቤት ግቢ ወደቀች። አጥር ዘለለች። ከከተማው ሥር ወዳለው ወንዝ ወርዳ እስከ ምሽት ድንጋይ ሥር ተጋደመች።

አላገኟትም።

ስላላገኟት ሱቁን ያስታወሰው ወንዳወቅ ነው።

ሀዲያን ከፃግብጂ ስትመለስ መንገድ ላይ ያዟት። ባዶ መኪና፣ ባዶ ካርቶን። ሁለት ቀን አቆዩአት። ከየት መጣሽ ለሚለው ጨው አድርሼ አለች። ለሌላው ጥያቄ ሁሉ ዝም አለች። ሁለት እጆቿን ሰብረው ሱቋ ደጃፍ ጥለዋት ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ የስልኳ ሴትዮ ራሷ ወደ ምስጥ ደወለች። ገዢው ከወሰደው ዘር አንድም አልበቀለም። ገዢው ተታለልኩ ብሎ መንግሥቴን ሲያስጨንቀው የሁለቱ ንግግር ተቀድቷል፤ ሰውየውም ድርጅቱም ታውቀዋል። ጓንጉል ታስሯል። ሊይዙት ሲመጡ የዶክትሬት ወረቀቶቼን ከግድግዳ አውርጄ ይዤ ካልሄድኩ ብሎ ነበር። ፃግብጂ ላይ ገብሱ በቅሏል፤ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ለሁለት ጎረቤት አካፍለዋል።

«መንግሥቴስ?» አለች ምስጥ።

ሴትዮዋ ከወረቀት እንደሚያነብ ሰው መለሰች። «በሕመም ምክንያት ጡረታ ወጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ሸኝቶታል።»

«ሸኝቶታል።»

«የሚጠበቅ የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ። ይህ ካንቺ በላይ ነው። የአንቺ ፋይልም ተዘግቷል፤ ለራስሽ ደኅንነት ስትይ አትደውይ።»

ምስጥ ስልኩን ዘጋች። ልትሳደብ ፈልጋ የሚመጥን ስድብ አጣች።

በማግሥቱ ወልድያ ወረደች። ሀዲያ እዚያ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እጆቿ በቀዶ ጥገና እንደገና ተጠግነዋል። ሐኪሞቹ ቀኙ ከእንግዲህ ገመድ እንደማይዝ ለቤተሰቧ ተናግረዋል። ምስጥ ይህን የሰማችው ኮሪደሩ ላይ ከቆሙ ሰዎች ወሬ ነው። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ በተከፈተው በር አየች።

የሀዲያ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሳታለች። ሀዲያ አፏን እንደ ሕፃን ትከፍታለች። መሐል ላይ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ማንኪያው መለሰች።

ልጅቱ ዘወር አለች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም» አለች ምስጥ። «ክፍል ተሳስቼ ነው።»

በሩን በቀስታ ገጠመችው። ደረጃውን ወርዳ በጠያቂዎቹ መካከል አለፈች። መናኸሪያው ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ረዳቱ ስሟን ሲጠይቃት አንድ አዲስ ስም ነገረችው። እሱም ጻፈው።