የአሥራ አንድ ሰዓቱ ማስታወቂያ

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ከጠባቧ የሰርቨር ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ራሱ ከብረት መደርደሪያው ጥግ ሥር፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ። አጠገቡ አጭር መሰላል በጎኑ ወድቋል። መደርደሪያው ላይ የጫማ ካርቶን የምታህል አዲስ ሰርቨር አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ሰው ሞተ ብላ ሥራዋን አላቆመችም።

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ የወጋችበትን ስለማትስት ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም እንዳልሰማች ታልፋለች። ቁጢጥ ብላ የሟቹን የሸሚዝ ኪስ በጓንት ገለጥ አደረገች። የማንበቢያ መነጽር በወጉ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣» አለ ሃምሳ አለቃው ከበሩ ላይ ቆሞ። «ሟቹ አንጋፋ ፋርማሲስት ናቸው። ሰዉ ሁሉ ‹ጋሼ› ነው የሚላቸው። የትኛው መድኃኒት ለማን ስንት እንደሚሰጥ የሚነግር ድረ ገጽ አላቸው፤ ነርሱም ወላጁም ከዚያ ነው የሚያየው። ዛሬ እሑድ ቢሆንም፣ ገጹን ሩቅ ካለ የኪራይ ኮምፒውተር ወደዚች ወደ ራሳቸው ሳጥን ሊገለብጡ ብቻቸውን ገቡ።»

«ከዚያስ?»

«ሐኪሙ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ባለው ጊዜ ነው የሞቱት ይላል። አሥራ አንድ ላይ ግን በሕይወት ነበሩ። ይኸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ኮምፒውተር የለጠፉት ማስታወቂያ።» የታተመ ወረቀት አቀበላት። «የሕንፃው ዘበኛ እሑድ እሑድ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው በሩ ላይ የሚቀመጠው። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ወደዚህ ፎቅ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኬብል የሚዘረጋላቸው፣ ሽቦ የሚሉት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ። ‹ወድቀው አገኘኋቸው› ብሎ የደወለልንም እሱ ነው። ዓርብ ዕለት ደግሞ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።»

መርፌ ወረቀቱን አነበበች። «ውድ ተጠቃሚዎቻችን፣ ድረ ገጹን ወደ አዲስ ቤቱ እያዛወርን ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት ያርፋል።» ሰዓቱ አሥራ አንድ ይላል። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ መሰላሉ ዞረች። ሁለቱን እግሮች ገትሮ የሚይዘው ብረት አልተዘረጋም ነበር።

«ይህ ወረቀት ምን እንደሚል ለማንም አትንገር፣» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ልጅ ቤት ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ የትናንቱ ፊኛዎች ገና አልወረዱም፤ አየራቸው ጎድሎ ጠውልገዋል። የልጅ ልጃቸው አራተኛ ዓመት ልደት ነበር።

«ገልብጬ ስጨርስ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር፣» አለች ልጅቷ። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ኬኩ ሊቆረስ ሲል ልደውልለት ስልኬን አነሳሁ። ባለቤቴ ‹ተይ፣ አሁን ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ ሥራ ላይ ናቸው› አለኝ። ተውኩት። ደውዬ ቢሆን ተነስቶ ይመጣ ነበር። ያ የታሰረው ሰውዬ አያገኘውም ነበር።»

«አባትሽ መነጽራቸውን መቼ ነበር የሚያወልቁት ልጄ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ሰው ሲያናግር። ‹መነጽር የተገዛው ለፊደል ነው፣ ሰው ያለ መስታወት ነው የሚታየው› ይላል።» ከዚያ፣ «ይል ነበር፣» አለች።

ባሏ ከጎኗ ተቀምጧል። ረጅም፣ ጥፍሮቹ በልክ የተቆረጡ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው ነው። አማቱ ዘንድ የሚሠራ ፋርማሲስት ሲሆን፣ ገጹ ላይ የሚወጣውን የመድኃኒት መጠን ሁሉ የሚያርመው እሱ ስለሆነ «አራሚው» ይሉታል።

«ማስታወቂያውን የት አየኸው?» አለችው መርፌ።

«እዚሁ፣ በስልኬ። አነበብኩላት እኮ። ‹ድረ ገጹን ወደ አዲስ ቤቱ እያዛወርን ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት ያርፋል› ይላል። የጋሼ አነጋገር ነው፤ እሳቸው ሁሉን ነገር ቤት ያደርጉታል።»

«ቀን ላይ ወጥተህ ነበር?»

«ኬኩን ላመጣ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አርባ ሰው አይቶኛል።»

መርፌ ከዚያ ወዲህ ማን እንዳየው አልጠየቀችውም ነበር። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ምንም ሳትጽፍ ተነሳች።

ቢሮው ውስጥ ያገኘቻቸው የደብዳቤ ክፍሏን እትዬ ብቻ ነበር። ከሕዝብ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የሚቀበሉ፣ አፋቸው የማይሰንፍ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ግን ያንኑ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወለወሉት።

«የምን ማስታወቂያ?» አሉ። «ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገጹን በስልኬ ከፍቼው ነበር። ስለ ማረፍ የሚያወራ ነገር የለበትም። ያርፋል ቢባልማ ኖሮ ይህ ስልክ ዛሬ መቼ ፋታ ይሰጠኝ ነበር?»

«ምናልባት ዘግይቶ ወጥቶ እንደሆነ።»

«ኧረ እኛ ጋ ነገር ቀድሞ ነው የሚጻፈው። የሰኞውን ዓርብ ጽፈን፣ የሚወጣበትን ሰዓት ሞልተን ወደ ቤታችን። ማሽኑ ራሱ ያወጣዋል።»

«ጋሼን ሰሞኑን ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

እትዬ ጨርቁን አስቀመጡ። ከመሳቢያቸው አንድ ደብዳቤ አወጡ። የአንዲት እናት ነው። ገጹን አይታ ለሁለት ዓመት ልጇ ሽሮፕ በየጊዜው አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር ሰጥታዋለች፤ ልጁ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል።

«እኔ ገጹን ባየው አምስት ነው የሚለው። ‹ተሳስታ ነው› አልኳቸው። ጋሼ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ‹እሑድ ስገለብጠው አያለሁ› አሉ። ሲገለበጥ ምን እንደሚታይ እንጃ፤ እሱን ሽቦን መጠየቅ ነው።»

መርፌ ደረጃው ላይ ቆማ የራሷን ስልክ አወጣች። ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። ማስታወቂያው የለም።

ጣቢያው በር ላይ የሽቦ ሚስት ምሳ የያዘ ሳህን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ነው። መርፌን ደግሞ አለቃዋ ኮሪደሩ ላይ አስቁሟት፣ «ሽቦን ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። ሌላ ነገር ካለሽ ዛሬ ነው፣» አላት።

ሽቦን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት አይጠይቅም። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ማስታወቂያ?» አለ። «ለእኔ የተነገረኝ ‹አሥራ አንድ ላይ በሕይወት እንደነበሩ እናውቃለን› ነው። በምን እንዳወቁ ማን ነገረኝ?»

«እሱን ቆይ። ድረ ገጽ ሲገለበጥ እንዴት ነው? እንደ ልጅ አስረዳኝ።»

«ቤት እንደ መቀየር ነው፤ ግን ዕቃው ከአሮጌው ቤት ሳይወጣ መንታው ነው አዲሱ ቤት የሚገባው። ፊቱ ብቻ አይደለም የሚገለበጠው፣ ሆድ ዕቃውም ጭምር ነው። ማን፣ መቼ፣ የቱን ቁጥር እንደቀየረ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ከዚያ አዲሱ በደንብ መሥራቱ ሳይታይ ሰው ወደሱ አይመራም።»

«ሰው ካልተመራ ጋሼ በምን ያዩታል?»

«በሳቸው ኮምፒውተር ላይ አንዲት መስመር ጻፍኩላቸው። ሌላው ሰው የገጹን ስም ሲጠራ አሮጌው ይከፈትለታል። በሳቸው ኮምፒውተር ግን ያው ስም ሲጠራ የምትመልሰው ጓዳ ያለችው ሳጥን ናት። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም።» ራሱን ነቀነቀ። «የዓርቡ ጭቅጭቅም ይኸው ነው። እሳቸው ‹እንዳልሳሳት ኮምፒውተሩ ላይ ምልክት እንለጥፍ› ሲሉ እኔ ‹ለአንድ ቀን ምን አደከመን› አልኩ።»

«ስለዚያች መስመር ከሁለታችሁ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«ሳጥኗስ ከውጭ ትታያለች? ለምሳሌ በስልክ?»

«ከዚያ ቢሮ ውጭ አልተወለደችም በሏት።»

መርፌ ብዕሯን ከደነች። «ምሳህን ብላ፣» አለችው። «ሚስትህ እጇ ዝሏል። ከዚያ ከእኔ ጋር ትመጣለህ፤ የሁለቱንም ሆድ ዕቃ ታሳየኛለህ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጋሼ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ባሏ ከኋላዋ ቆሟል። እትዬ የራሳቸውን ወንበር ጎትተው መጥተዋል። ሽቦ ካቴናው እጁ ላይ ነው፤ ሃምሳ አለቃው ከጎኑ።

«ከመሰላሉ ልጀምር፣» አለች መርፌ። «ማቆሚያው ሳይዘረጋ መሰላል ላይ የሚወጣ የለም። ይህ መሰላል እዚያ የተጋደመው ጋሼ ከወደቁ በኋላ ነው። መነጽራቸው ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ያለ መነጽር ኬብል አይሰካም፣ ማስታወቂያም አይጻፍም። ጋሼ ሲሞቱ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ነበር።»

«ሰውየው ሽቦ ይሆናላ፣» አለ አራሚው ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ጋሼ እስከ አሥራ አንድ ከኖሩ ሽቦ ነው። መኖራቸውን የሚነግረን ግን ማስታወቂያው ብቻ ነው። እስቲ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ገጹን ክፈቱት።»

ጣቶች መስታወት ላይ ተንሸራተቱ።

«አላልኩም? የለም፣» አሉ እትዬ።

«የለም፣» አለ ሃምሳ አለቃው። ጆሮው ቀላ።

ልጅቷ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርገዋለች።

መርፌ የጋሼን ኮምፒውተር ወደ እነሱ አዞረችው። ማስታወቂያው በትልልቅ ፊደል ከላይ ተቀምጧል። ስለ ሁለቱ ቤቶችና ስለ አንዲቷ መስመር ሽቦ የነገራትን በአጭሩ ነገረቻቸው።

«የጻፈው ሰው ለዓለም የለጠፈ መስሎት ጓዳ ውስጥ ለጠፈው። ሳጥኗ የተጻፈበትን ሰዓት መዝግባለች፤ ዘጠኝ ከአሥር ነው። አሥራ አንድ የተባለው የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ በእጅ የተሞላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘበኛው ገና አልመጣም።»

«ተሰርዞ ይሆናል እንጂ፣» አለ አራሚው፤ «ትናንት እኮ ነበረ።»

«አሮጌውም ሆድ ዕቃ አለው። ከዓርብ ወዲህ አንድም ነገር አልተለጠፈበትም፣ አንድም አልተሰረዘበትም። የታተመው ወረቀት ከቦርሳዬ አልወጣም። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃል ትናንት ሊያውቅ የሚችለው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ብቻ ነው። አንተ ግን ቃል በቃል ነገርከኝ። በስልኬ አነበብኩት ብለህ።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች። «አላሳየኸኝም፣» አለች። «አነበብክልኝ እንጂ ስልኩን አላሳየኸኝም።»

አራሚው የወንበሯን መደገፊያ ይዞ ነበር፤ እጁን አነሳ።

«አሥራ አንድ ላይ ስከፍተው አልነበረም፣» አለ። «አንዳንዴ ገጹ ለመታደስ ይዘገያል፤ ያ መሰለኝ። ቃሉን እንደሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ። አሥራ አምስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቁጥር። በኋላ አይቼ ለማንም ሳልናገር አስተካከልኳት። ሲገለብጡት ከነስሜ ወጣች። ኬኩን ይዤ ጎራ ብል ‹ነገ ለሰው ሁሉ እናገረዋለሁ› አሉኝ። ሳጥኗን ነቅዬ ልወስድ ስገባ እጄን ያዙኝ፤ ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«አንዴ ከገፋህ በኋላ ግን ቁጭ ብለህ ጻፍክ፣» አለች መርፌ። «ስትጽፍ ደግሞ አንድ መስመር ወረድ ብለህ አላየህም።»

ከማስታወቂያው ሥር ያልወጣ ረቂቅ ነበር። የተጻፈው እሑድ ስምንት ተኩል ነው። ከፈተችውና ድምፅዋን ሳታነሳ አነበበች።

«ለወላጆች ሁሉ። ለሕፃናት የሚሰጠው የሽሮፕ መጠን ገጻችን ላይ ለአሥራ ሁለት ቀን ተሳስቶ ወጥቷል። አምስት መሆን ሲገባው አሥራ አምስት ብለናል። በነዚያ ቀናት የተጠቀማችሁ ልጆቻችሁን ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩ። ሳላየው እንዲወጣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ተጠያቂ የለም።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከሽቦ እጅ ፈትቶ አራሚው እጅ ላይ አሰረና ይዞት ወጣ። ሚስቱ ሲያልፍ አላየችውም።

«ደውዬ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች ልጅቷ መርፌን። «አሥራ አንድ ላይ።»

«ስልኩ ይጠራ ነበር ልጄ። የሚያነሳው ግን ከሄደ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነበር። ይህንን አደራ ለራስሽ ደጋግመሽ ንገሪው።»

ልጅቷ የአባቷን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ይህም የሚታየው እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው?»

«እዚህ ብቻ፣» አለ ሽቦ የእጁን አንጓ እያሻሸ።

«ሰው ሁሉ በሚያየው ላይ አውጣልኝ።»

ሽቦ ወደ መርፌ አየ። እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሽቦ የጋሼ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል አመነታና ቆሞ መተየብ ጀመረ። «መጨረሻዋን ልሰርዛት? ‹እኔ ነኝ› የምትለዋን? የሳቸው ጥፋት አይደለም እኮ።»

«እንደጻፈው አድርገው፣» አለች ልጅቷ። «አባዬ የሰው እርማት አይወድም።»

መርፌ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆም ብላ ስልኳን ከፈተች። አሁን የጋሼ ጽሑፍ አለ። ከላይ፣ ከቢሮው፣ የጠረጴዛው ስልክ ሲጮኽ ሰማች፤ ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«አዎ፣ እኛው ነን እናቴ፣» ሲሉ የእትዬ ድምፅ መጣ። «እስቲ ተረጋጊ። ስንት ቀን ሰጠሽው?»