በግራ ክንዳቸው ላይ

ሳይንቲስቱ የሞቱት ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ከንፈራቸው አብጧል፤ አንገታቸውን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። የግራ እጅጌያቸው ተጠቅልሏል፤ ክንዳቸው ላይ አንዲት የመርፌ ነጥብ ትታያለች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ብልቃጥ፣ ሲሪንጅና የተከፈተ ደብተር አለ። የተንቀጠቀጠ ጽሕፈቱ «ራሴ ነኝ የወጋሁት። ማንም የለበትም» ይላል።

መርማሪዋ ደብተሩን ሁለቴ አነበበች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታዋን በጉጉት የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን አይደክምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካንሰርን አድኖ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ መድኃኒታቸው ለበሽተኞች መሰጠት በጀመረ በወሩ! አይ ዕድል፣ አለች በሆዷ።

አብሯቸው የሚሠራው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል፤ ምን እዋሻለሁ! ካንሰሩ እሳቸውንም ይዟቸው ነበር። ከአዲሱ መድኃኒት ይውሰዱ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ብልቃጦቹ በቁጥር ናቸው፤ አንዱን ብወስድ ተራ ከሚጠብቅ ሰው ጉሮሮ ነጠቅኩ ማለት ነው አሉኝ።»

«ከአዲሱ የጎደለ አለ?»

«አንድም የለም።»

ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቁት አዛውንት ቴክኒሻን «ጋሼ በረዶ» ይባላሉ፤ ከሰው ይልቅ ከማቀዝቀዣ ጋር ነው ዕድሜያቸውን የገፉት ተብለው። ባዶውን ብልቃጥ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄማ የጥንቱ ነው! ከአይጥ የሠራነው የመጀመሪያው መድኃኒት። ለመታሰቢያ ብለን ነው ያስቀመጥነው።»

«ሰው ይገድላል?»

«ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደውንስ አይገድልም…» ብለው ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ምን ደበቁኝ?»

«የሁለታችን ምሥጢር ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በሰው ልጅ ላይ ከመሞከሬ በፊት በራሴ ልየው ብለው ወሰዱት። የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ሰውነት የአይጥን ነገር አንዴ ካወቀው ቂም ይይዛል፤ ሁለተኛ ሲመጣበት በደቂቃ ይነሳል። ይህን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ ጋሼ በረዶንና ነርስ የሆነችውን የሟቹን ሴት ልጅ እዚያው ላቦራቶሪ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከጧት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

«የሟቹ ግራ መዳፍ ጠርዝ በብዕር ቀለም ጠቁሯል» አለች መርማሪዋ። «በግራ የሚጽፍ ሰው ምልክት ነው። በግራ የሚሠራ ሰው ራሱን ቢወጋ ቀኝ ክንዱን ነው የሚወጋው። ነጥቧ ግን ግራ ክንዳቸው ላይ ናት። ስለዚህ ደብተሩ ውሸት ነው፤ የወጋቸው ሌላ ሰው ነው። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ሰጥተዋል፤ ያምኑታል ማለት ነው። ሐኪሙ ቢሆን አዲሱን ባመጣ ነበር፤ ሲለምናቸው የከረመው እሱን ነውና። ጋሼ በረዶ ለክፋት ቢያስቡ ምሥጢሩን በገዛ አፋቸው ባላወጡት። የቀረው፣ አሮጌው ብልቃጥ የማንንም ተራ አይነጥቅም ብሎ ያሰበ፣ የድሮውን መርፌ ግን ያልሰማ ሰው ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ነፍሱ እየወጣች ለማን ብሎ ይዋሻል?»

ልጅቷ ያኔ ተቀመጠች።

«ቫይታሚን ነው አልኩት። ላድነው ነው! ብልቃጡን ትቼ መኪና ላስነሳ ወረድኩ። ስመለስ…»

«ምነው ልጄ፣ አንዲት ቃል ብትጠይቂኝ!» አሉ ጋሼ በረዶ እያለቀሱ።

«ምነው አንዲት ቃል ብትነግሩኝ!»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ተቀይሞኝ ይሆን የሞተው?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ብልቃጡን ሲያዩ ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ጉሮሯቸው ተዘግቷል፤ ቢጣሩም አይሰማም። የቀረቻቸው ያቺ እጃቸው ብቻ ነበረች፤ በእሷ አንቺን ሸፈኑሽ። የተቀየመ ሰው እንዲህ አያደርግም። እኔ ግን እውነቱን መጻፍ አለብኝ፣ ልጄ።»

«ይጻፉት» አለች ልጅቷ፣ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ። «እሱ ዋሽቶልኛል። እኔ ግን አንዴ ዋሽቼው አየሁት።»

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገችና መጻፍ ጀመረች።